ደም የለም ያልኩበት ወቅት

ጁን 11

ጠመንጃው ዛሬ ዘርግቶ ጣለኝ። ደንበኛው ያቆሰለውን ጎሽ ልጨርስለት አንዱን ቃታ ስስብ ሁለቱ አፈሙዞች እኩል ተኮሱ። አምስት መቶ የምንለው ይህ ጠመንጃ በአንድ አፈሙዝ ሲተኩስ እንኳ እርግጫው የበቅሎ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚመስል አሁን አውቃለሁ። ጎሹን እያየሁ ነበር፤ ቀጥሎ ያየሁት ሰማይ ነው።

ጎሹ ሞቷል። ደንበኛው ፎቶውን ተነስቷል። ቀኝ ትከሻዬ እንደ ጉበት ጠቁሯል። ጆሮዬ ውስጥ አንድ ሰው ቆርቆሮ ይጎትታል።

ያነሳኝ ራንጋናይ ነው። «ሙክዋሻ፣ ጥርስህን ቁጠርማ» አለኝ። ዱካ ተከታዬ ነው፤ የሚስቴ ታላቅ ወንድምም ነው፣ ሙክዋሻ ማለቱም አማቹ ስለሆንኩ ነው። ጫካ ውስጥ አለቃው እኔ ነኝ። ቤቱ ስሄድ ግን እንደ አማች ወግ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብዬ፣ አጨብጭቤ ነው የምገባው። በሁለቱም ቦታ አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ነው «እሱ» የምለው።

«ሙሉ ናቸው» አልኩት።

«እንግዲያው ተነስ። ነጩ ሰውዬ የሞትክ መስሎት ሊያለቅስ ነው።»

ጁን 20

ሐራሬ። ጠመንጃ ጠጋኙ አንድ የተበላ ብረት አሳየኝ፣ አዲስ ገጠመ። «አሁን እንደ በግ ነው» አለኝ። በግ አይራገጥም። ይሄ ይራገጣል።

ጁን 29

ካምፕ ተመለስኩ። ሠላሳ እርምጃ ላይ የዘይት ቆርቆሮ አስቀምጠን ሞከርኩት። ስድስት ተኩሼ አንዱ ብቻ አገኘ። ጥይቶቹ አርጅተዋል።

ለሂገንስ ነገርኩት። የካምፑ ባለቤት ነው፤ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ለማንኛውም ነገር መጀመሪያ ሻይ ያስፈላል። «በዚሁ ሳጥን ባለፈው ዓመት አሥራ አንድ ጎሽ ጥለሃል፣ ታሩቪንጋ» አለኝ።

ያረጁት ከባለፈው ዓመት ወዲህ ነው አልኩት። ሻዩን ጠጣ።

ጁላይ 8

ደንበኛው አንድ ጎሽ ሆዱን መታው። ጎሹ ዞረ። ሃያ እርምጃ። አንድ፣ ሁለት። አጎረስኩ። ሦስት፣ አራት። በአራተኛው ወደቀ። ማንም አልተጎዳም። ዋናው እሱ ነው።

በኋላ ከመታጠቢያው ቆርቆሮ ጀርባ ሆኜ ጆሳያን ሰማሁት። ቆዳ ገፋፊው ነው። ከወጥ ቤቱ ሰው ጋር ነበር።

«ስንት ቀዳዳ ቆጠርክ?»

«ሁለት። የቀሩትን ዛፎቹን ጠይቅ።»

«የፈሪ ዱላ አስር ነው አሉ።»

«ዝም በል፣ ይሰማሃል።»

ሰማሁ። ጆሳያ ቢላ እንጂ ጠመንጃ ይዞ አያውቅም። ዘጠኝ ኩንታል የሚሆን ጥላቻ ወዳንተ ሲዞር ምን እንደሚመስል ያየው ቆዳው ከተዘረጋ በኋላ ነው። ለማንኛውም ላብ ዓይኔ ገብቶ ነበር። ጠዋት ነበር፣ ጃኬት ለብሼ ነበር፣ ቢሆንም ላብ ነው።

ጁላይ 16

ቤት ነኝ፣ ሁለት ቀን እረፍት። ልጄ ሩምቢ የድስት ክዳን ጣለች። ወንበሬ ላይ ነበርኩ፤ ከዚያ ግድግዳው ጋ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ሩምቢ ሳቀች። እናቷ አልሳቀችም።

ሲመሽ፣ «ባባ ሩምቢ፣ ወንድሜ ምንም አልነገረኝም» አለችኝ።

«ስለ ምኑ?»

«እሱን ነው የምልህ። ወትሮ ካምፕ ውስጥ ያደረግከውን ሲያወራ አያልቅበትም። ዘንድሮ ስለ ዝናብ ብቻ ነው የሚያወራው።»

ትከሻዬ ገና አልዳነም አልኳት። ቅባት አሸችኝ። እያሸችኝ ቆዳውን በጣቷ ስትፈልግ ይሰማኛል፤ የሚፈለገው ጠባሳ የለም። ከዳነ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። የቅባቱን ክዳን ገጠመች። ሸሚዜን ለበስኩ።

ጁላይ 28

አዲስ ጥይት መጣ። ስድስት ተኩሼ ሁለት።

እንግዲያው ማነጣጠሪያው ተጣሟል። ራንጋናይ ጠመንጃውን ተቀብሎኝ በአንድ ዓይኑ አየና «ለእኔ ቀጥ ያለ ይመስለኛል» አለ። ዱካ ተከታይ ስለ ማነጣጠሪያ ምን ያውቃል?

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም። የአዳኝነት ፈቃድ ፈተና ሁለት ጊዜ ተቀምጧል። በተኩሱ ሁለቱንም ጊዜ አንደኛ ወጣ። የጣለው የጽሑፉ ፈተና ነው፤ ትምህርት ቤት የሄደው አራት ዓመት ብቻ ነው። እኔ ተኩሱን በአምስተኛነት አልፌ ጽሑፉን እንደ ውኃ ጠጣሁት። ስለዚህ እሱ ባዶ እጁን ከፊት ይሄዳል፣ እኔ አምስት መቶውን ይዤ ከኋላ።

ኦገስት 7

አዲስ ደንበኛ፦ ብሩነር፣ ኦስትሪያዊ፣ የጥርስ ሐኪም። ከእኔም የሚበልጥ ጠመንጃ ይዞ መጥቷል፣ ስድስት መቶ። ጥይቱ የልጅ ክንድ ያህላል። ቆርቆሮው ላይ ሲሞክር አየሁት፤ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፣ አፈሙዙ መሬት ይቆፍራል። ሰው የሚፈራውን ነገር በገዛ ፈቃዱ ተሸክሞ አህጉር ያቋርጣል። እንዲህ ያለውን ሰው ይዤ ጎሽ ፊት ልቆም ነው። ምን ዓይነት ዓመት ነው?

ኦገስት 9

ትናንት እራት ላይ ብሩነር ራሱ አነሳው። «እፈራዋለሁ» አለ፣ ሳድዛውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ በእጁ ለመጠቅለል እየታገለ። «አርባ ዓመት ሙሉ ሰው አፍ ውስጥ መርፌ እያስገባሁ ‹አይዞህ፣ አያምም› ብያለሁ። ለራሴ ስለው ግን አላምነውም።»

ሁሉም ሳቀ። ራንጋናይ ግን አልሳቀም። «መድኃኒት አለው» አለ።

ዛሬ ጠዋት አሳየው። ብሩነር ጀርባውን ሲያዞር ራንጋናይ ያጎርስለታል። አንዳንዴ ጥይት፣ አንዳንዴ ባዶ ቀለህ። ሰውየው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ቀለሁ ላይ ቃታውን ሲስብ ቀጭ ብቻ ይላል፣ አፈሙዙ ግን ቁልቁል ይዘላል። ያን ጊዜ ሰው የገዛ ፍርሃቱን በዓይኑ ያየዋል። ብሩነር በራሱ ላይ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ደገመ። ከዚያ ደገመ። ከሰዓት በኋላ ቀለሁ ላይ ሲስብ አፈሙዙ ንቅንቅ አላለም።

«አሁን ባለሙያው ያሳየን» አለ፣ ወደ እኔ ዞሮ። በክፋት አልነበረም።

የወጥ ቤቱ ሰው፣ ጆሳያ፣ ሂገንስ ሳይቀር በረንዳው ላይ። እምቢ ማለት አይቻልም። ራንጋናይ አጎረሰልኝ። አነጣጠርኩ። ሳብኩ።

ቀጭ።

የቆምኩበት አፈር ልል ነበር። ተንሸራተትኩ፣ ስለዚህ ነው።

ማንም አልሳቀም። ብሩነር መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ራንጋናይ ጠመንጃውን ከፍቶ ቀለሁን ኪሱ ከተተና «ነፋስ ነው» አለ ለሁሉም። ቅጠል አልተነቃነቀም ነበር።

ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያዝኩት። «ለምን ሰው ፊት አዋረዱኝ?»

«ያዋረድኩህ እኔ ነኝ?»

«ቀለህ እንደሆነ ያውቁ ነበር።»

«ያጎረስኩት እኔ ነኝ፣ እንዴት አላውቅም? ስማኝ ሙክዋሻ። ያ ነጭ ሰው ‹እፈራለሁ› ብሎ በአንድ ቀን ዳነ። አንተ ስንት ቀን ይበቃሃል?»

«እኔ አልፈራም።»

«ይሁን። የጠየቅኩህ አፈሙዝህ ፊት የሚሄደው የእኔ ጀርባ ስለሆነ ነው።»

ኦገስት 13

ብሩነር ጎሹን በአንድ ጥይት ጣለ። አምስት መቶው ከትከሻዬ አልወረደም። ራንጋናይን አቀፈው። እኔንም አቀፈኝ፣ አንዱ ክንዱ ግን ላላ ያለ ይመስላል። ደስ ሊለኝ ይገባል።

ኦገስት 24

ካምፑ በየወሩ ለመንደሩ አንድ ጎሽ ይሰጣል። ዛሬ ያንን ፍለጋ ወጣን፣ ራንጋናይና እኔ ብቻ። ደንበኛ የለም። በካሙቴ ወንዝ አፋፍ አንድ ሽማግሌ ወንድ ጎሽ ብቻውን ቆሞ አገኘን፤ አርባ እርምጃ፣ ጎኑን ሰጥቶ። ሕፃን የማይስተው።

ተኮስኩ። ዘለለ፣ ጥሻው ውስጥ ገባ።

ራንጋናይ ጎሹ ቆሞበት የነበረው ቦታ ሄዶ በርከክ አለ። አንድ የሞፓኔ ዛፍ ቅጠል ይዞ ተመለሰ። «ደም» አለ።

አየሁት። «ደም አይደለም። የዛፍ ሙጫ ነው።»

ቅጠሉን ወደ ዓይኔ አስጠጋው።

«ስቻለሁ» አልኩት። «ንጹሕ ስህተት። እንሂድ።»

ጥሻው እዚህ ድረስ ይሸታል፤ ውስጡ ሦስት እርምጃ አይታይም። የቆሰለ ጎሽ ካለ መከተል ግዴታ ነው፣ እስኪሞት ድረስ፣ ቀን ቢፈጅም ሳምንት ቢፈጅም። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ፈተናው ላይ መቶ ያገኘሁበት ጥያቄ ነው። ካልቆሰለ ግን አልቆሰለም።

«መዝገቡ ያንተ ነው» አለ ራንጋናይ፣ ቅጠሉን እንደያዘ።

መዝገቡ ላይ፦ «አንድ ጥይት፣ ስህተት፣ ደም የለም።»

ኦገስት 25

ራንጋናይ ቁርሱን ከጆሳያ ጋር በላ። እኔ ብቻዬን።

ሌላ ጎሽ ለመንደሩ ሂገንስ ራሱ መታ። በዚህ ዕድሜው።

ኦገስት 26

አሞራ እያየሁ ዋልኩ። ጥሻው ላይ አንድም አይዞርም። አለመሞቱ ነው። ወይም አለመመታቱ። ሙቀቱ ጀምሯል፣ ጭንቅላቴን ይወቅረዋል። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን እስከ ጥሻው ጫፍ ሄድኩ። ቆምኩ። የሆነ ነገር የተነፈሰ መሰለኝ። የመኪናው ጎማ ሊተነፍስብኝ ይችላል ብዬ ተመለስኩ።

ኦገስት 27

የወጥ ቤቱ ሰው ለጆሳያ፦ «አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት።» ስለ ማን እንደሚያወሩ አልጠየቅኩም። ስገባ ስለ ጨው ማውራት ጀመሩ።

ነገ ለራንጋናይ እነግረዋለሁ። ነገ ጠዋት እንገባለን።

ኦገስት 28

እንግዶች ለመቀበል አየር ማረፊያ ሄድኩ። ሌላ ሰው መላክ ይቻል ነበር።

ኦገስት 29

ጎሽ ሰው ወጋ። ማይ ቪምባይን፣ የትንሿን የቪምባይን እናት፣ ባሏ የሞተባትን፣ ከመንደሩ ጫፍ ያለችውን። ቁርቁራ ልትለቅም በካሙቴ መንገድ ስትሄድ ከጥሻው ወጥቶ። ጭኗን። የሂገንስ መኪና ክሊኒክ ወሰዳት። መኪናው ወለል ላይ የነበረውን አይቻለሁ። ያ ሙጫ አይደለም።

ነገ እንገባለን።

እስክሪብቶው እምቢ እያለኝ ነው። ዓይኔን እጨፍናለሁ። ከጁን ጀምሮ፣ ቃታውን ከመሳቤ በፊት፣ ሁልጊዜ። ይኸው ጻፍኩት።

ኦገስት 30

ተርፈናል።

ጥሻው አፋፍ ላይ ቆመን ጠመንጃውን ዘረጋሁለት። «ይያዙት።»

«ወረቀት የለኝም» አለ ራንጋናይ። «ተይዤ ብገኝ እታሰራለሁ።»

«የተኮስኩት እኔ ነኝ እላለሁ።»

«ለምን ብለህ?»

«ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

የሚገርመው ብዬ ጠብቄ ነበር። አልገረመውም። ጠመንጃውን ተቀበለኝ፣ ከፈተ፣ ሁለቱን ጥይቶች አየ፣ ዘጋ። «በል ቅደም» አለኝ። «አንተም ከኋላ እኔም ከኋላ ከሆንን ዱካውን ማን ያነባል?»

ቀደምኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ከፊቴ ሲሄድ ጀርባው ምን እንደሚሰማው ጠይቄው አላውቅም ነበር። ጀርባህ ይሰፋል፤ ጥሻውን ሞልቶ የሚያልፍ ይመስልሃል። ፊትህ ያለው እንስሳ አንድ ነገር ነው። ኋላህ ያለው አፈሙዝ ሌላ ነገር ነው። እኔ ከኋላዬ ያለውን አምነዋለሁ። እሱ ሦስት ወር ያህል ከኋላው ምን እንዳለ እያወቀ ሄዷል።

ዱካው የግራ የኋላ እግሩን ይጎትታል። ያን እግር ይዞ ስድስት ቀን ኖሯል። ሁለት ሰዓት ያህል በእንብርክክ ሄድን። ከዚያ ዱካው ወደ ግራ መዞር ጀመረ። የቆሰለ ጎሽ ዞሮ የራሱ መንገድ አጠገብ ይተኛል፣ የሚከተለውን ይጠብቃል። ቅጠሎቹ መሃል አንድ እርጥብ ነገር አየሁ። አፍንጫ ነበር።

«ተኛ» አለ ከኋላዬ፣ ሰው ጨው አቀብለኝ በሚልበት ድምፅ።

ወደቅኩ። መጣ። መሬቱ ከሥሬ ይዘላል። አንድ ተኩስ፣ በላዬ። ከዚያ የሚወድቅ ነገር፣ ከዚያ ፊቴ ላይ አፈር። ቀና ስል ቀንዱ ከእጄ አራት ክንድ ይርቃል። አንድ ጥይት።

ራንጋናይ ጎሹ ጋ አልሄደም። ወደ እኔ መጥቶ ጠመንጃውን መለሰልኝና እዚያው ተቀመጠ። ሲንቀጠቀጥ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። «እኔም እኮ እፈራለሁ፣ አንት ሰው» አለኝ። «ሁሌም እፈራለሁ። ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

አጠገቡ አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ሴፕቴምበር 1

መንደሩ ከበሮ ይዞ መጣ። ሴቶቹ እልል አሉልኝ። የመንደሩ ሹም «እጅህ ይባረክ» አለኝ። አጨበጨብኩላቸው፣ በደንቡ። ራንጋናይ ከሰዎቹ መሃል ቆሞ አብሮ አጨበጨበ።

ምሳ ላይ ጆሳያ አጠገቤ መጥቶ አንድ የጥይት እርሳስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከጎሹ ታፋ ያወጣው ነው፤ ዙሪያው የበሰበሰ፣ ትል ያፈራ ነበር ብሏል ለወጥ ቤቱ ሰው። ለእኔ አንድም ቃል አልተናገረም። ቢሳለቅ ይሻለኝ ነበር።

ሴፕቴምበር 4

ለሂገንስ ነገርኩት።

መዝገቡን ከፈተ። «ደም ነበር?»

«ነበር።»

«ራንጋናይ አይቷል?»

«አሳይቶኛል። ሙጫ ነው አልኩት።»

ሻይ አላስፈላም። ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት መጻፍ አለበት፤ ፈቃዴ ይነሳል። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አዳኝ ሆነህ» አለ። ቢቆጣ ኖሮ እቆጣ ነበር።

«በመጨረሻ የገደለው ማነው?»

«እኔ።»

«በአንድ ጥይት?»

«በአንድ።»

እስክሪብቶውን አነሳ፣ አየኝ፣ ሌላ አልጠየቀም።

ሴፕቴምበር 6

ሚስቴ፣ ማይ ሩምቢ፣ ሁሉንም ሰማች። አልጮኸችም። «ሴትየዋስ ታውቃለች?» ብቻ አለች።

ሴፕቴምበር 10

ክሊኒክ ሄድኩ። የማይ ቪምባይን እግር ከጉልበት በላይ ቆርጠውታል። ስታየኝ ልትነሳ ሞከረች። እጆቿን አገናኝታ ምስጋና ጀመረች፤ ጎሹን የገደልክ፣ መንገዱን የከፈትክልን እያለች። እስክትጨርስ አልጠበቅኩም።

«ማይ ቪምባይ፣ ያቆሰልኩትም እኔ ነኝ። ደሙን አይቼ አልተከተልኩትም። የለም ብዬ ጻፍኩ።»

እጆቿ እንደተገናኙ ቀሩ።

«ከስንት ቀን በፊት?» አለች።

«ከአምስት።»

በጣቶቿ ቆጠረች፣ ከንፈሯ እየተነቃነቀ። ሁለተኛው ጣት ላይ ቆመች። «በዚያን ቀን ቪምባይን ውኃ ልኬያት ነበር» አለች። «በዚያው መንገድ።» ሦስተኛውን ጣት ያዘች። «በዚህኛውም።»

የምሕረትም ነገር፣ የእርግማንም ነገር አላለችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መሄድ እንዳለብኝ ወይም መቀመጥ እንዳለብኝ አላወቅኩም፣ ተቀመጥኩ።

ወደ ማታ ልጇ ቪምባይ ሳድዛ ይዛ መጣች፣ አሥር ወይም አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። ቁጢጥ ብላ አጨብጭባ ሰላም አለችኝ። ከዚያ ለእናቷ፣ ቀስ ያለች መስሏት፦

«እማ፣ ጎሹን የገደለልን ሰውዬ ይሄ ነው?»

እናትየው ወደ እኛ አልዞረችም።

«አይደለም» አለች። «ይሄ ሌላ ሰው ነው።»

ልጅቷ ለሌላውም ሰው በደንቡ የእጅ ውኃ አቀረበች። ታጠብኩ። ከሳድዛው ግን አልቀመስኩም፤ ሲጨልም በእግሬ ወደ ቤት ሄድኩ።